ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና የድህነት ምክንያት

አገር ለምን ይደኸያል የሚለውን ጥያቄ በአማርኛ ከመረመሩት ሰዎች መካከል ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ግንባር ቀደም ናቸው። የተወለዱት በ1878 ዓ.ም. በአድዋ አካባቢ ሲሆን፥ ገና በልጅነታቸው በምጽዋ ወደብ የቆመ የጀርመን መርከብ ለማየት ገብተው በዚያው ባሕር ተሻገሩ። አንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተሰብ ተቀብሎ አሳደጋቸው፤ በበርሊንም ሕክምና ተማሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አገለገሉ፤ ኋላም የምድር ባቡር ተቆጣጣሪ፥ ቀጥሎም የድሬ ዳዋ ነጋድራስ ሆኑ።

ብዙ ሰው የበርሊኑን ትምህርታቸውን ያደንቃል፤ እኔ ግን ጉምሩኩ የበለጠ ያስተማራቸው ይመስለኛል። በዚያ በር ቡናና ቆዳ ይወጣል፤ በፋብሪካ የተሠራ ጨርቅ ይገባል።

በዘመኑ ድህነትን ከዕድል ወይም ከሕዝቡ ጠባይ ጋር ማያያዝ የተለመደ ነበር። እርሳቸው ግን ምክንያቱ የሰላም መጥፋትና የዕውቀት ማነስ ነው አሉ፤ ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብም በንግዱ ተጎጂ እንደሚሆን አስረዱ። ጃፓንን ለአርአያነት ጠቀሱ። እዚህ ላይ አንባቢ ሊከራከራቸው ይገባል። ጃፓን የበለጸገችው ዕውቀት ስላገኘች ነው? ወይስ ቀድሞ የነበራት ሥርዓትና ሀብት ዕውቀቱን ለማምጣት አስቻላት? ሁለት ነገሮች አብረው ስለታዩ ብቻ አንዱ የሌላው ወላጅ ነው አይባልም። አገርን ደግሞ እንደ ዘር በሁለት ማሳ ከፍሎ መፈተን አይቻልም፤ የቀረልን አንዱን ከሌላው ማስተያየት ነው።

ነጋድራስ በ1911 ዓ.ም. በ33 ዓመት ገደማ ሞቱ፤ መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው በ1916 ዓ.ም. ነው።

ጥያቄያቸው ግን በጭላሎ ተራራ ሥር ለምንኖረው ለእኛም የቅርብ ጥያቄ ነው። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት ርዳታ፥ ካዱ የተባለው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት አሰላ ላይ ሥራ ጀመረ። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የወሰደው ገበሬ ስንዴው በረከተ፥ ያልወሰደው ባለበት ቀረ እንበል። ልዩነቱን ሁሉ ለማዳበሪያው መስጠት ይቀላል። ነገር ግን ማዳበሪያውን ቀድሞ ለመውሰድ የሚደፍረው ማን ነው? ሰፊ መሬትና በሬ ያለው ነው። ጭሰኛው ብድር ሊጠይቅ ሲመጣ የኪራይ ውል አምጣ ይባል ነበር፤ ውሉን የሚፈርምለት ደግሞ ባለመሬቱ ነው። ስለዚህ ጭሰኛን ከጭሰኛ ጋር፥ በአንድ ዐይነት አፈር ላይ፥ ከማዳበሪያው በፊትና በኋላ ማስተያየት ያስፈልጋል።

ይህም ገና አይበቃም። ስንዴው አትራፊ ሲሆን ባለመሬቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞቻቸውን ማስወጣት ጀመሩ፤ በ1967 ዓ.ም. የመሬቱ ዐዋጅ እስኪወጣ ድረስ ብዙ ቤተሰብ ተነቀለ። በመጨረሻው ዓመት መዝገብ ይዞ ቤት ለቤት የሚዞር ቆጣሪ የሚያገኘው የቀሩትን ብቻ ነው፤ ደምሮ ሲያካፍልም የጭላሎ ገበሬ ገቢው አደገ ብሎ ይጽፋል። የተባረረው ጭሰኛ ልጆቹን ይዞ ሌላ አገር ሄዷልና ከሒሳቡ ውስጥ የለም።