ቄስ ሮበርት ስተርሊንግና የሙቅ አየር መኪና

ሮበርት ስተርሊንግ በስኮትላንድ አገር፥ ሜትቨን በምትባል መንደር አጠገብ፥ ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። የተወለደበትም ዘመን እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1790 ዓ.ም. ኦክቶበር 25 ቀን ነው፤ ከዚህ በታች የሚጻፈውም ዓመት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው። በዚያ ወራት በኢትዮጵያ ዘመነ መሳፍንት ነበረ። ወላጆቹ ስምንት ልጆች ነበሩአቸው፤ ሮበርት ሦስተኛው ነው። አያቱ ማይክል ስተርሊንግ እህል የሚወቃ መኪና ያበጀ ሰው ነበረ። በአገራችን በበሬ እግር የሚበራየውን እህል እርሱ በመዘውር ይወቃው ነበረ። ስለዚህ የልጅ ልጁ መዶሻና ሞረድ ቢወድ አያስደንቅም።

መኪና ሲባል በመንገድ ላይ የሚሄደው ብቻ እንዳይመስል ያስፈልጋል። የልብስ መስፊያውም መኪና ነው፤ የጽሕፈቱም መኪና ነው። ብረት ከብረት ተጋጥሞ ለሰው የሚሠራ ዕቃ ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል።

ሮበርት 15 ዓመት ሲሆነው በኤዲንበርግ ወዳለው ታላቅ ትምህርት ቤት ገባ። በኋላም በግላስጎው የመጻሕፍትን ትርጓሜና የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተማረ። በ1816 ዓ.ም. በሴፕቴምበር ወር ኪልማርኖክ በሚባል ከተማ ቄስ ሆኖ ተሾመ። ሹመቱን ከተቀበለ ገና ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፥ አንድ አዲስ መኪና ማሰቡን ለመንግሥት አስታውቆ፥ ብልሃቱ የእርሱ መሆኑ በወረቀት እንዲጸናለት ለመነ። ዕድሜው 26 ዓመት አልሞላም ነበረ።

ቄስ ብረት ሲሞርድ ማየት ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ይመስላል። በአገራችንም ብረት የሚሠራውን ሰው ቀጥቃጭ እያሉ መስደብ ልማድ ነበረ፤ ማረሻውንና ቢላዋውን ከእርሱ እየገዙ እርሱን ይንቁት ነበረ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1908 ዓ.ም. በእጁ ሥራ የሚያድር ሰው እንዳይሰደብ ዐዋጅ ያስነገሩ ስለዚህ ነው። ስተርሊንግ ግን የቄስነቱን ሥራ ሳያጓድል የብረቱን ሥራ ያዘ። በኪልማርኖክ ቶማስ ሞርተን የሚባል ብልኅ ሠራተኛ ነበረ፤ ይህ ሰው ሥራ ቤቱን ከፈተለት፤ ሩቅ የሚያሳይ መነጽር መሥራትንም አስተማረው።

በዚያ ዘመን መኪናን የሚያንቀሳቅሰው ኃይል የውኃ እንፋሎት ነበረ። ውኃ በታላቅ የብረት ጋን ይፈላል፤ እንፋሎቱም ታፍኖ ጉልበት ያገኛል። ነገር ግን የዚያ ዘመን ብረት ደካማ ነበረ፤ የጋኑም መጋጠሚያ ብዙ ጊዜ አይጸናም ነበረ። ጋኑ በድንገት በፈነዳ ጊዜ የፈላው ውኃና የተሰበረው ብረት በአጠገቡ ያለውን ሰው ይገድል ነበረ። ብዙ ሠራተኞች እንዲህ ሞተዋል፤ በሕይወት የተረፉትም ተቃጥለው አካላቸው ጎድሎ ቀርቷል። የስተርሊንግ መኪና ግን የሚፈላ ውኃ አልነበረበትም። የሚሠራው በአየር ነው።

አየር ሲሞቅ ይሰፋል፤ ሲበርድ ይጠባል። በሆመቾ ያለ ልጅም ይህን ነገር በቤቱ ሊረዳው ይችላል። አፉ በውታፍ የተደፈነ ባዶ ቅል በእሳት አጠገብ ቢቀመጥ፥ በውስጡ ያለው አየር ይሰፋና ውታፉን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ስተርሊንግ ይህን ግፊት ለሥራ አዋለው። ዙሪያው የተዘጋ ረጅም የብረት ዕቃ አበጀ። አንደኛው ጫፍ በእሳት ይግላል፤ ሁለተኛው ጫፍ ይቀዘቅዛል። በዕቃው ውስጥ ገፊ የሚባል ቀላል ነገር ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ ገፊው ከግድግዳው ጋር አይጣበቅም፥ በጎኑ አየር የሚያልፍበት ክፍት አለ። ገፊው ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ በሄደ ጊዜ አየሩ በጎኑ አልፎ ወደ ትኩሱ ጫፍ ይመጣል፤ በዚያም ሞቆ ይሰፋና ፒስተን የሚባለውን ተንቀሳቃሽ ክዳን ይገፋል። ገፊው ወደ ትኩሱ ጫፍ በተመለሰ ጊዜ ደግሞ አየሩ ወደ ቀዝቃዛው ይሄዳል፤ በዚያም በርዶ ይጠባል፥ ፒስተኑም ይመለሳል። ፒስተኑ ጎማ ያዞራል፤ ጎማውም በተራው ገፊውን ያመላልሰዋል። ያው አንዱ አየር ይመላለሳል እንጂ አይጣልም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ሙቀት ቆጣቢ ያለው ክፍል ነው። ሰው በንጋት ብርድ ከሆመቾ ወደ ሆሳዕና ሲሄድ አፉንና አፍንጫውን በጋቢ ይሸፍናል። ሲተነፍስ ትኩሱ እስትንፋስ ጋቢውን ያሞቀዋል፤ አየር ወደ ውስጥ ሲስብ ደግሞ ብርዱ አየር በሞቀው ጋቢ አልፎ ለብ ብሎ ይገባል። ስተርሊንግም አየሩ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ቀጫጭን ብረት አኖረ። አየሩ ወደ ብርዱ ሲሄድ ትኩሳቱን ለብረቱ ይተዋል፤ ሲመለስም የተወውን መልሶ ይወስዳል። ስለዚህ እሳቱ የሚጨምረው የጎደለውን ብቻ ነው፤ እንጨትና ከሰልም ይተርፋል። ይህን ያህል ጠቃሚ ነገር በአንድ ወጣት ቄስ መታሰቡ የሚገርም ነው። በጊዜው የነበሩ ብዙ ሊቃውንት እንኳ ጥቅሙን በቶሎ አላስተዋሉትም።

በ1818 ዓ.ም. የመጀመሪያው ትልቅ መኪና ተሠርቶ፥ ድንጋይ ከሚፈለጥበት ጉድጓድ ውኃ እንዲቀዳ ተተከለ። ጉልበቱ የሁለት ፈረስ ያህል ነበረ። መልካምም ሠራ። በኋላ ግን ጠባቂው እሳቱን አበዛበት፤ የብረቱም ታች ግሎ ተበላሸ። ፍንዳታ አልሆነም፤ ሰውም አልሞተም፤ መኪናው ቆመ እንጂ።

ስተርሊንግ በ1819 ዓ.ም. ጂን ራንኪን የተባለች ሴት አገባ፤ ሰባት ልጆችም ወለዱ። በ1824 ዓ.ም. ወደ ጋልስተን ከተማ ተዛወረና እስኪሞት ድረስ በዚያ ኖረ። ከልጆቹ ዳዊት እንደ አባቱ ቄስ ሆነ። ፓትሪክና ጀምስ ግን የባቡር መኪና ሠሪዎች አለቆች ሆኑ፤ ፓትሪክ በ1870 ዓ.ም. የሠራው ባቡር የሚነዳበት ጎማ ቁመቱ ከሁለት ሜትር ይበልጥ ነበረ፥ ከረጅም ሰውም ይረዝማል። በጋልስተን ኮሌራ በገባ ጊዜ ቄስ ስተርሊንግ ለራሱ ሳይፈራ ወደ ድውያን ቤት ይሄድ ነበረ።

መኪናውንም አልተወም። ጀምስ የሚባል በአሥር ዓመት የሚያንሰው ወንድም ነበረው፤ እርሱም በደንዲ ከተማ በብረት ማቅለጫ ቤት ላይ አለቃ ሆነ። ሁለቱ ወንድማማቾች በ1827 እና በ1840 ዓ.ም. ብልሃቱን አሻሽለው እንደገና በመንግሥት ወረቀት አጸኑ። አየሩን አስቀድመው በብዛት አምቀው ቢያስገቡት መኪናው ሳይገዝፍ ጉልበቱ እንደሚበዛ አወቁ። በ1843 ዓ.ም. በደንዲ የነበረው የእንፋሎት መኪና ተለውጦ በአየር እንዲሠራ ሆነ። የማቅለጫ ቤቱን ሥራ ሁሉ እርሱ ብቻውን ያንቀሳቅስ ነበረ፤ የሚበላውም ከሰል ከእንፋሎቱ ያነሰ ነበረ።

ነገር ግን መከራው ከብረቱ መጣ። በሙቅ አየር የሚሠራ መኪና ጫፉ እጅግ ካልጋለ ጉልበት አይሰጥም፤ እጅግ ከጋለ ደግሞ የዚያን ዘመን ብረት ይሰነጥቀዋል። በአራት ዓመት ውስጥ የትኩሱ ጫፍ ሦስት ጊዜ ተበላሸ። በ1847 ዓ.ም. የማቅለጫው ባለቤቶች ሰልችተው ወደ እንፋሎት ተመለሱ። ከ30 ዓመት ድካም በኋላ ሥራው ሲፈርስ ማየት ለስተርሊንግ እንዴት ከባድ እንደነበረ ለማሰብ አያዳግትም። ስሕተቱ ከአሳቡ አልነበረም፤ አሳቡን የሚሸከም ብረት ገና አልተገኘም እንጂ።

በዚያው በ1847 ዓ.ም. ሌላ ነገር ሆነ። ስተርሊንግ ቀድሞ የመኪናውን ትንሽ አምሳያ ሠርቶ ለግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ሰጥቶ ነበረ፤ ለኤዲንበርግም እንዲሁ። የግላስጎው አምሳያ በዕቃ ቤት ተጥሎ፥ አቧራና ዘይት ደፍኖት፥ አልንቀሳቀስም ብሎ ነበረ። ዊልያም ቶምሰን የሚባል የ22 ዓመት ወጣት መምህር አገኘው። ቶምሰን ይህን ትንሽ ዕቃ እየመረመረ ሙቀት ወደ ሥራ እንዴት እንደሚለወጥ አሰበ፤ በከተማውም ሊቃውንት ጉባኤ ፊት ስለ እርሱ ተናገረ። ይህ ወጣት በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ነው፤ በዓለም ሁሉ ያሉ የሳይንስ ሰዎች ሙቀትን የሚለኩበት መስፈሪያ በስሙ ይጠራል። የደንዲው ታላቅ መኪና ፈርሶ ሲቀር፥ በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው አምሳያ ለትምህርት ተረፈ።

ከዚያ በኋላ ሄንሪ ቤሰመር የሚባል ሰው በ1856 ዓ.ም. ጽኑ ብረት በርካሽ የሚሠራበትን መንገድ አወጣ። ስተርሊንግ በ1876 ዓ.ም. በሸመገለ ጊዜ ስለዚህ ነገር ጻፈ። እንዲህ ያለ ብረት በጊዜው ቢገኝ ኖሮ መኪናው ይጸና እንደነበረ አመለከተ፤ የቀረውንም ሌሎች እንዲፈጽሙት ተወ። በ1878 ዓ.ም. ጁን 6 ቀን በ87 ዓመቱ በጋልስተን ዐረፈ።

ከሞተ ከ50 ዓመት በላይ አልፎ፥ በሆላንድ አገር ያለ ፊሊፕስ የሚባል ድርጅት ኤሌክትሪክ በሌለበት ስፍራ ራዲዮ የሚያሠራ ጸጥተኛ መኪና ፈለገ። ሠራተኞቹም የቄሱን አሳብ አንሥተው በአዲስ ብረት ሠሩት። ነገሩን ገልብጠው ጎማውን በሌላ ኃይል ባዞሩት ጊዜ፥ መኪናው አየርን እስኪፈስ ድረስ አቀዘቀዘው። ስዊድኖችም በባሕር ውስጥ ለሚሄዱ መርከቦቻቸው ይህን መኪና መረጡት፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነውና።

በብዙ አገር ደግሞ ሰዎች በቤታቸው ሥራ ቤት ትንንሹን አምሳያ ይሠሩታል። ከቆርቆሮ ጣሳ፥ ከሽቦና ከአንድ ኩራዝ የሚሠራ አለ። ሁለት ነገር ብቻ ያስቸግራል፤ ፒስተኑ አየር ሳያሳልፍ በቀላሉ መንሸራተት ይገባዋል፥ ገፊው ደግሞ ግድግዳውን ሳይነካ መመላለስ አለበት። ጎማው አስቀድሞ በእጅ ይገፋል፤ ብቻውን መነሣት አይችልም። አንዳንዱም እሳት እንኳ አይፈልግም፤ ሙቅ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ላይ ሲያስቀምጡት ይዞራል፤ ውኃው እስኪበርድ ድረስም አይቆምም።