ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስና ያልተፈጸመው ስንብት

በአገራችን ሕፃን ልጅ ሲሞት ከቤት እስከ መቃብር የሚደረገው ሥርዓት የታወቀ ነው። ከዋና ከተማችን በስተ ደቡብ ወዳሉት ወደ አቃቂና ወደ ቃሊቲ አጥቢያዎች ብንወርድ፣ ወይም ወደ ሰሜን ወጥተን ከጎንደር ደብሮች ወደ አንዱ ብንገባ የምናየው አንድ ነው፤ ካህናቱ ጸሎቱን ያደርሳሉ፣ ጎረቤቱ ይሰበሰባል፣ እናት ልጅዋን በስሙ እየጠራች ታለቅሳለች። የዚያ ቀን ኀዘን ከባድ ቢሆንም ለወላጅ አንድ ነገር ይቀርለታል፤ ይኸውም ልጁ የት እንዳረፈ ማወቁ፣ በመታሰቢያውም ቀን ወደ መቃብሩ ሄዶ ጸሎት ማስደረጉ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ይህን እንኳ ያላገኘ ቤተሰብ ነበረ። እርሱም የንጉሠ ነገሥት ቤተሰብ ነው።

ልዑል ዓለማየሁ የተወለደው ሚያዝያ 16 ቀን 1853 ዓ.ም. ነው። አባቱ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ እናቱም እቴጌ ጥሩወርቅ ናቸው። እቴጌ ጥሩወርቅ የሰሜንና የትግሬ ገዥ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ልጅ ሲሆኑ፣ ደጃዝማች ውቤ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ድል ተነሥተው ታስረው ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስም ዘውድ የጫኑት ደጃዝማች ውቤ ባሠሩዋት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። እንግዲህ ሕፃኑ ከድል አድራጊውና ከተሸናፊው፣ ከሁለቱም ወገን የተወለደ ነበር። አስተማሪው አለቃ ዘነብ ነበሩ፤ እኒህም የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ የጻፉት ናቸው።

ንጉሠ ነገሥቱ የእንግሊዝን መልእክተኞችና ሌሎችን አውሮፓውያን ስላሰሩ፣ የእንግሊዝ መንግሥት በጄኔራል ናፒየር አዛዥነት ጦር ላከ። መቅደላ የተያዘችው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በፋሲካ ማግስት ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ከመስጠት ይልቅ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ፤ በዚያው በመቅደላ መድኃኔ ዓለም ተቀበሩ። የጦሩ ሰዎችም የቤተ ክርስቲያኑን ንዋየ ቅድሳትና የቤተ መንግሥቱን መጻሕፍት ዘረፉ፤ ምርኮውን ያጓጓዙት 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች እንደ ነበሩ ይነገራል። ከንጉሡም ራስ ላይ ፀጉር ተቈርጦ ተወሰደ።

እቴጌይቱና ልጃቸው ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን ተጓዙ። ሕፃኑ 7 ዓመት የሞላው በዚያ ጉዞ ላይ፣ አባቱ በሞቱ በአሥረኛው ቀን ነው። በአገራችን ሰባት ዓመት ልጅ ጾም የሚጀምርበት፣ ለንስሐ አባት የሚሰጥበት ዕድሜ ነው፤ ለእርሱ ግን የስደት መጀመሪያ ሆነ። እናቱም በመንገድ ሳሉ ሕመም ጸናባቸውና ግንቦት 8 ቀን በእንደርታ አውራጃ ዐረፉ። አስከሬናቸውም በጨለቆት ሥላሴ ተቀበረ። ቀኑን ብንቈጥር ከመቅደላ መውደቅ በኋላ 32ኛው ቀን ነው፤ የአባቱ አርባ ገና አልወጣም ነበር። ልጁ እስከ አርባው ቀን እንኳ በአንድ ቦታ ተቀምጦ አባቱን ሳያለቅስ እናቱን ቀበረ፤ እናቱንም ቀብሮ ከመቃብርዋ አጠገብ ሊቆይ አልቻለም፤ ጦሩ ይጓዝ ነበርና።

ከዚያ በኋላ ሕፃኑን የያዘው ካፒቴን ስፒዲ ነው። ይህ ሰው እጅግ ረጅም ቁመት የነበረው፣ ቀድሞ ዐፄ ቴዎድሮስን ያገለገለ፣ አማርኛም የሚችል በመሆኑ በአገራችን ባሻ ፈለቀ ይባል ነበር። አለቃ ዘነብ ጉዞውን ከተማሪያቸው ጋር ቢጀምሩም ከእርሱ ጋር እንግሊዝ አገር አልደረሱም። በሰኔ ወር መርከቡ ከዙላ ወደብ ተነሣ። በጨለቆት ከእናቱ ተለየ፣ በመንገድም ከአስተማሪው፤ የቀረው አንድ የባዕድ ሰው ብቻ ነበር። ስለ ባሻ ፈለቀ ግን በጎውን መሰወር አይገባም፤ ልጁ በሌሊት ሲፈራ የሚጠጋው፣ በቋንቋው የሚያናግረው እርሱ ነበር።

በሐምሌ ወር ንግሥት ቪክቶሪያ በዋይት ደሴት ባለው በኦዝቦርን ቤትዋ ተቀበለችው፤ ወደደችው፤ እስከ ሞቱም ድረስ ጉዳዩን ትከታተል ነበር። በዚያው ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው የታወቀች ፎቶግራፍ አንሺ ሥዕሉን አነሣች። ያን ፎቶግራፍ ያየ ሰው በሕፃኑ ፊት ፈገግታ አያገኝም።

ባሻ ፈለቀ ሹመት ባገኘ ጊዜ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ወደ ህንድ ሄደ። ይሁን እንጂ የእንግሊዝ ባለሥልጣኖች ልጁ እንደ እንግሊዝ መሳፍንት ልጆች በትምህርት ቤት ይደግ ብለው ፈረዱ፤ ንግሥቲቱ ባትወደውም ከባሻ ፈለቀ ለዩት። በእኔ አስተያየት ከመለያየቶች ሁሉ ክፉው ይህ ነበረ። ሞት የለየውን ሰው መክሰስ አይቻልም፤ ይህ ግን በጽሕፈት ቤት የተወሰነ ነው። ከዚያ ወዲህ በአባቱ ቋንቋ የሚያናግረው ሰው በቤቱ አልነበረም። በመጀመሪያ በቸልትናም፣ በኋላም መምህሩ ጄክስ ብሌክ ወደ ረግቢ ትምህርት ቤት ሲዛወሩ በዚያ ተማረ፤ በኋላም በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ፤ ግን አልተደሰተበትም።

በአገር ቤት ግን አልተረሳም። የእናቱ እናት ወይዘሮ ላቂያዬ የልጅ ልጃቸውን እያሰቡ በአማርኛ ደብዳቤ ጽፈዋል። ልጅዋን በጨለቆት የቀበረች አሮጊት፣ የልጅዋን ልጅ ደግሞ በሕይወቱ ሳለ እንደ ሞተ ሰው ስታለቅሰው ምን ያህል እንደሚከብድ ልጅ የቀበረ ሁሉ ያውቀዋል። በሕይወት ስላለ ተዝካር አይወጣለትም፤ ስለሌለም ፊቱን አታይም።

ልዑሉ በመጨረሻ በሊድስ ከተማ አጠገብ ሄዲንግሊ በሚባል ሰፈር መምህር ራንሰም ዘንድ ተቀመጠ። በዚያም የሳንባ በሽታ ያዘው፤ ምግብ መብላትም እምቢ አለ፤ ሊመርዙኝ ነው ብሎ ፈርቶ ነበር ይባላል። ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ዐረፈ። ንግሥቲቱ በዕለት ማስታወሻዋ በባዕድ አገር፣ ዘመድ ሳይኖረው፣ ብቻውን መሞቱን እያሰበች ማዘንዋን ጽፋለች። በዊንድሶር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተቀበረ፤ የሸኙትም የሚያውቁት ጥቂት እንግሊዛውያን ነበሩ። በግድግዳው ላይ ንግሥቲቱ ያሠራችው የናስ ሰሌዳ አለ፤ ጽሑፉም ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 እንግዳን ስለ መቀበል ከሚናገረው ቃል የተወሰደ ነው። ቃሉን የመረጠችው በቅን ልብ እንደ ሆነ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ይህ እንግዳ ከቤቱ ተወስዶ የመጣ እንጂ በራሱ ፈቃድ ደጅ የመታ አልነበረም።

ከመቅደላ የሄደው ሁሉ በዚያው አልቀረም። በኤድንብራ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የተገኘው ታቦት በ1994 ዓ.ም. ለአገሩ ተመለሰ። የዐፄ ቴዎድሮስም ፀጉር በ2011 ዓ.ም. በለንደን ካለው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ለኢትዮጵያ ተሰጠ። የልዑሉ አፅም እንዲመለስ ግን ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በ1999 ዓ.ም. ቢጠይቁም አልሆነም። በ2015 ዓ.ም. የቤተሰቡ ወገኖች ጥያቄውን ባነሡ ጊዜ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በዚያ ስፍራ ያረፉትን የሌሎችን አፅም ሳይነኩ የእርሱን ማውጣት አይቻልም ሲል መለሰ። የሌሎቹም ሙታን ዕረፍት ሊከበር ይገባል፤ ይህን አንነቅፍም። ሆኖም የቸገረ ሥራ ሁሉ የማይቻል ነውን? እናቱ ያረፈችበት ጨለቆት የእርሱን መምጣት ከ150 ዓመት በላይ ስትጠብቅ ኖራለች።

በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በባሻ ፈለቀ ቤተሰብ ዘንድ ተጠብቆ የኖረ አንድ የልዑሉ የፀጉር ዘለላ በለንደን ለኢትዮጵያ ኤምባሲ ተሰጠ። አፅሙ ዛሬም በዊንድሶር ነው።