ሁለት ፍቅር በአንድ ልብ፦ የካንዞ ኡቺሙራ ሕይወት

የሀገራችን የቀደሙ ምሁራን ጃፓንን በአድናቆት ይመለከቱ ነበር። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥታችንም የጃፓንን ሕገ መንግሥት አርአያ አድርጎ እንደ ተዘጋጀ የታወቀ ነው። እኛ መሐንዲሶች ግን የጃፓን ስም በተነሣ ቁጥር የምናስታውሰው ባቡሯንና ፋብሪካዋን ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚያው የዕድገት ዘመን ኖሮ፣ ጃፓናዊም ክርስቲያንም ለመሆን ብርቱ ዋጋ ስለ ከፈለ አንድ ሰው ለሙያ ባልደረቦቼ ማውሳት ነው።

በእኛ ሀገር ክርስትና ከ1,600 ዓመት በላይ ሥር የሰደደ ስለ ሆነ፣ ክርስቲያኑ ከሃይማኖቱና ከሀገሩ የትኛው እንደሚቀድም ለመጠየቅ እምብዛም አልተገደደም። በጃፓን ግን ክርስትና እንደ ባዕድ የሚታይ እንግዳ ነበርና፣ ኡቺሙራ ይህን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ሊሸሸው አልቻለም። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካንዞ ኡቺሙራ በ1861 ዛሬ ቶኪዮ በምትባለው በኤዶ ከተማ ከሳሙራይ ቤተሰብ ተወለደ። በልጅነቱ አማልክትን አጥብቆ ይፈራ ስለ ነበር፣ በመንገዱ የሚያገኘውን ቤተ ጣዖት ሁሉ እጅ ሳይነሣ አያልፍም ነበር። በ1877 በሳፖሮ የእርሻ ኮሌጅ ሲገባ፣ ቀደም ብለው የገቡት ተማሪዎች በአሜሪካዊው መምህር በዊልያም ክላርክ ትምህርት ክርስትናን ተቀብለው ስለ ነበር፣ አዲሶቹንም በቃል ኪዳኑ ሰነድ ላይ እንዲፈርሙ ይወተውቷቸው ጀመር። ኡቺሙራ ይህን እንደ ሀገር ክህደት ቆጠረው፤ በአካባቢው ወደሚገኘው ቤተ ጣዖት ሄዶም ይህ የባዕድ እምነት ከሀገሩ እንዲጠፋ ለመነ። በመጨረሻ ግን ሳይወድ ፈረመ። ይሁንና በግዳጅ የተጀመረው ነገር ውሎ አድሮ የልቡ ሆነ። ፈጣሪ አንድ ብቻ መሆኑን ማመኑ ከአእላፍ አማልክት ፍርሃት አሳረፈው። በ1878 ከስድስት የክፍል ጓደኞቹ ጋር ተጠመቀ። ከእነዚህ መካከል አንዱ ኋላ በመሐንዲስነት ስመ ጥር የሆነው ኢሳሚ ሂሮይ ነበር።

እነዚህ ወጣቶች ገና ከጅምሩ አንድ ነገር አጥብቀው ያዙ፤ ይኸውም ክርስቲያን መሆን የባዕድ ጥገኛ መሆን አይደለም የሚል ነው። በሳፖሮ የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ለማቋቋም ከአሜሪካ ሚስዮን የተበደሩትን ገንዘብ ከጥቂት ደመወዛቸው እየቀነሱ ከፍለው ጨረሱ።

ኡቺሙራ ከኮሌጅ ወጥቶ በመንግሥት የዓሣ ሀብት ሥራ ጥቂት ዓመታት ካገለገለ በኋላ፣ በ1884 ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ክርስቲያን ተብሎ በሚጠራው ሀገር ቅድስናን አያለሁ ብሎ ሲጠብቅ፣ የገንዘብ አምልኮንና የዘር ንቀትን አየ። በሌላ በኩል ግን በፔንስልቬኒያ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ሕፃናት በተቋቋመ ድርጅት ውስጥ በአስታማሚነት ሲሠራ፣ ከዚያም በአምኸርስት ኮሌጅ ሲማር፣ እውነተኛ ክርስቲያኖችንም አገኘ። ከዚህ በመነሣት እምነት የአንድ ሕዝብ ንብረት እንዳልሆነ፣ ጃፓናዊም አሜሪካዊ ሳይሆን ክርስቲያን ሊሆን እንደሚችል ተረዳ።

ትልቁ ፈተና የመጣው ወደ ሀገሩ ከተመለሰ በኋላ ነው። በጥር 1891 በሚያስተምርበት ከፍተኛ ትምህርት ቤት የንጉሠ ነገሥቱ ፊርማ ያረፈበት የትምህርት ዐዋጅ በክብር ተነበበ፤ መምህራንና ተማሪዎችም በተራ እየቀረቡ በጥልቅ እንዲሰግዱ ተደረገ። ተራው በደረሰ ጊዜ ኡቺሙራ አመነታ፤ ለሰው የሚገባውን ክብር ለመስጠት ያህል ራሱን በጥቂቱ ዝቅ አድርጎ ተመለሰ። ይህች ትንሽ እንቅስቃሴ የሀገር መነጋገሪያ ሆነች። ጋዜጦች ከሐዲ አሉት። እሱ በጽኑ ሕመም አልጋ ላይ ሳለ፣ ስግደቱ የአክብሮት እንጂ የአምልኮ እንዳልሆነ ሲገለጽለት እሺ አለ፤ ባልደረባውም ስለ እሱ ሰገደ። ያም ሆኖ ሥራውን አጣ። እሱን ያስታመመችው ወጣት ሚስቱ ካዙም በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ታማ ሞተች።

እንግዲህ ኡቺሙራ ሀገሩን የሚጠላ ሰው ቢሆን ኖሮ በዚህ ጊዜ ጥሏት በሄደ ነበር። እሱ ግን በድህነት እየኖረ ስለ ጃፓን ታላላቅ ሰዎች መጻፍ ጀመረ፤ በ1894 ባሳተመው መጽሐፍ የሀገሩን ጀግኖች ለውጭው ዓለም አስተዋወቀ።

በዚያው ዓመት ግን ተሳሳተ። ጃፓን በኮሪያ ምክንያት ከቻይና ጋር ጦርነት በገጠመች ጊዜ፣ ጦርነቱ የጽድቅ ነው ብሎ በብዕሩ ደገፈ። ድሉ የቅሚያ ድል ሆኖ ሲያገኘው በጻፈው አፈረ። በ1903 ከሩስያ ጋር የሚደረገው ጦርነት በቀረበ ጊዜ፣ የሚሠራበት ታላቅ ጋዜጣ ጦርነቱን ስለ ደገፈ ሥራውን ለቅቆ ወጣ። በእኔ አስተያየት ከሕይወቱ ሁሉ ከፍ ያለው ይህ ነው፤ ስሕተቱን በአደባባይ አምኖ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ያው ፈተና ሲመጣ እንጀራውን አጥቶ አርሞታልና። በእነዚሁ ዓመታት የአሺዮ የመዳብ ማዕድን የዋታራሴን ወንዝ መርዞ ገበሬዎችን ባደኸየ ጊዜም ስለ እነሱ ጽፏል፤ ተናግሯል። ለእሱ ሀገር ማለት የጦር ሠራዊትና የፋብሪካ ጢስ ብቻ ሳይሆን፣ እርሻው የጠፋበት ገበሬም ነበር።

ሐሳቡ በሙያችን ላይ የተወውን አሻራ በሁለት መሐንዲሶች ሕይወት እናገኘዋለን። ከእሱ ጋር የተጠመቀው ሂሮይ ሰባኪ የመሆን ሐሳቡን ትቶ ለድሀው ሕዝብ በሙያው መሥራትን መረጠ። በ1908 የተጠናቀቀውን የኦታሩ ወደብ የማዕበል መግቻ በኮንክሪት ሠራ። ከእሱ ሞት በኋላ የሚመጡት መሐንዲሶች ጥንካሬያቸውን እንዲፈትኑ ብሎም በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የሲሚንቶ ቅይጥ ናሙናዎች አስቀመጠ፤ ፈተናውም አንድ መቶ ዓመት ያህል ቀጥሏል። የኡቺሙራ ደቀ መዝሙር የሆነው አኪራ አኦያማም ከ1904 እስከ 1911 በፓናማ ቦይ ሥራ ተሳትፎ ተመለሰ። በ1927 የፈረሰውን የሺናኖ ወንዝ የጎርፍ ማስተንፈሻ ቦይ ግድብ እንደ ገና ማሠራትን በኃላፊነት መርቶ በ1931 አስፈጸመ። በዚያ ባቆመው የመታሰቢያ ድንጋይ ላይ ሥራው ለማን እንደ ተሠራ ሲያስቀርጽ፣ የሰውን ዘር አስቀድሞ ሀገሩን አስከተለ።

ይህ ቅደም ተከተል የመምህሩ ነው። በመጋቢት 1930 የሞተው ኡቺሙራ ለመቃብሩ ድንጋይ በወጣትነቱ ባዘጋጀው ጽሑፍ ራሱን ለሀገሩ፣ ሀገሩን ለዓለም፣ ዓለምን ለክርስቶስ፣ ሁሉንም ለእግዚአብሔር አድርጎ ደርድሮ ነበር። እምነቱንና ሀገሩን እኩል ለማካፈል ልቡን ለሁለት አልከፈለም፤ አንዱን በሌላው ላይ አቆመ እንጂ። ምሰሶ በመሠረቱ ላይ ሲቆም እንደማያንስ፣ ይልቁንም ሸክሙን ለመቻል እንደሚበቃ እኛ እናውቃለን። በ1894 የተናጋው ቤቱም ቢሆን ሀገርን ከመሠረቱ በታች ባኖረ ጊዜ የተናጋ ነው።

መሐንዲስ ለሀገሩ ይሠራል፤ ይህ ክብሩ ነው። ሆኖም የማያምንበትን ሥራ ለሀገር ሲባል ፈርም የሚባልበት ቀን ይመጣበት ይሆናል። በዚያች ቀን እጁን የሚይዘው ነገር ከሀገሩ የሚያርቀው ሊመስል ይችላል። የኡቺሙራ ሕይወት እንደሚያስረዳን ግን በዚያ ድልድይ ላይ የሚያልፈው ሕዝብ ያው ሀገሩ ነው።