አርቱር ራምቦ

አርቱር ራምቦ (ኦክቶበር 20 ቀን 1854 – ኖቬምበር 10 ቀን 1891 እ.ኤ.አ.) ፈረንሳዊ ገጣሚ፣ በኋላም በኤደንና በሐረር የኖረ ነጋዴ ነበር። በዓለም ዘንድ የሚታወቀው ገና በወጣትነቱ ጽፎ በተዋቸው ግጥሞች ነው። ለሐረር ታሪክ ግን ሌላ ነገር ትቷል፤ በ1883 በትርፍ ጊዜው በከተማዋ ያነሳቸው ጥቂት ፎቶግራፎች እስከ ዛሬ ከሚታወቁት የሐረር ፎቶዎች እጅግ ቀደምት ከሆኑት መካከል ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ግጥም

ራምቦ የተወለደው በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ሻርልቪል በምትባል ከተማ ነው። አባቱ ፍሬዴሪክ ራምቦ የእግረኛ ጦር ሻምበል ሲሆን በ1860 ቤተሰቡን ትቶ ሄደ። እናቱ ቪታሊ ኪዊፍ የገበሬ ልጅ ነበረች፤ ልጆቿን ብቻዋን፣ በጥብቅ ሥርዓትና በቁጠባ አሳደገች። አርቱር በትምህርቱ በተለይም በላቲን ጎበዝ ነበር፤ ከቤት በመጥፋትም እንዲሁ።

በ1871 መጸው፣ 17 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ ገጣሚው ፖል ቬርለን ወደ ፓሪስ ጠራው። ሁለቱ በፓሪስ፣ በብራስልስና በለንደን አብረው ኖሩ። ግንኙነታቸው ያበቃው በጁላይ 1873 ቬርለን ብራስልስ ውስጥ በሽጉጥ ተኩሶ የራምቦን እጅ ሲያቆስል ነው። በዚያው ዓመት ራምቦ አንድ ወቅት በገሃነም የተሰኘውን መጽሐፉን በ500 ቅጂ አሳተመ፤ ሒሳቡን ሳይከፍል ስለቀረ አብዛኛው ቅጂ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ተከማችቶ ቀረና በ1901 ተገኘ። ሃያ አንድ ዓመት ሳይሞላው ግጥም መጻፉን አቆመ። ከዚያ በኋላ ስለ ግጥም ማውራትም አይወድም ነበር።

ከፎቶግራፍ ጋር የተገናኘው በዚሁ በፓሪስ ዘመኑ ነው። ታዋቂው ፎቶ አንሺ ኤቲየን ካርዣ በ1871 ፊቱን አነሳው። ዛሬ በየመጽሐፉ ሽፋን ላይ የሚታየው ጸጉሩ የተንጨባረረው ልጅ የዚያ ቀን ሥራ ነው። ጥቂት ወራት ቆይቶ በአንድ የገጣሚዎች እራት ላይ ጠብ ተነሣና ራምቦ ካርዣን በጎራዴ አቆሰለው። ካርዣም ተናዶ የራምቦን የመስታወት ነጌቲቮች እንዳጠፋቸው ይነገራል። ከዚህ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል ማንም በካሜራ እንዳነሳው በእርግጠኝነት የሚታወቅ ነገር የለም። ቀጥሎ የተነሳው በራሱ ካሜራ ነበር።

ወደ ሐረር

በ1876 ከሆላንድ የቅኝ ግዛት ጦር ጋር እስከ ጃቫ ሄዶ ከዚያ ከዳ። ቆጵሮስ ውስጥም በድንጋይ ካባ ላይ አሠሪ ሆነ። በ1880 ክረምት ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ኤደን ደረሰና በአልፍሬድ ባርዴ የንግድ ቤት ተቀጠረ። ዋና ጽሕፈት ቤቱ ሊዮን የነበረው ይህ ድርጅት ቡና ይገዛ ነበር። ሐረር ላይ አዲስ ቅርንጫፍ በመክፈቱ ራምቦን ወደዚያ ላከው። እሱም ከዘይላ ተነሥቶ በሶማሌ በረሃ አቋርጦ በዲሴምበር 1880 ሐረር ገባ።

ሐረር በዚያ ጊዜ ከ1875 ጀምሮ በግብፅ ወታደሮች እጅ ነበረች። በጀጎል ግንብ ውስጥ ቡና፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይሰበሰባል፤ በምትኩ አቡጀዲና ልዩ ልዩ ሸቀጥ ይገባል። ራምቦ ሸቀጡን ይመዝናል፣ ያሳሽጋል፣ በግመል ይጭናል። ዐረብኛ አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ ሐረሪና ኦሮምኛም ተምሯል። ለእናቱና ለእህቱ ለኢዛቤል ከሚጽፋቸው ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ምሬት ናቸው፤ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ብቸኝነቱ፣ ስለ ገንዘቡ።

ካሜራው

በጃንዋሪ 1881 ከሐረር በጻፈው ደብዳቤ ድርጅቱ ካሜራ ሊያስመጣ እንደሆነና የአገሩንና የሰዉን ምስል እንደሚልክላቸው ለቤተሰቡ ነገራቸው። ነገሩ ግን ሁለት ዓመት ፈጀ። በመሃሉ ወደ ኤደን ተመልሶ ሳለ በ1882 አንድ ትልቅ ሐሳብ መጣለት። ስለ ሐረርና በዙሪያዋ ስላለው የኦሮሞ አገር ካርታና ሥዕል ያለበት መጽሐፍ አዘጋጅቶ ለፓሪሱ የጂኦግራፊ ማኅበር ሊያቀርብ ፈለገ። ለዚህም የመሬት መለኪያ መሣሪያዎችን፣ ባሮሜትርንና መጻሕፍትን ከፈረንሳይ ማዘዝ ጀመረ። ካሜራውን ያዘዘው ከሊዮን ሲሆን መሣሪያው፣ ኬሚካሉና ማጓጓዣው ተደምሮ ከ1,000 ፍራንክ በላይ ወጣበት። ገንዘቡ የተከፈለው በእናቱ ዘንድ ካስቀመጠው ቁጠባ ነበር። እናቱ ወጪውን አልወደደችውም፤ እሱ ደግሞ በሐረር ካሜራ የሚያውቅ ስለሌለ ሥራው ትርፍ እንደሚያመጣለት ተማመነ። በዚህ ረገድ እናትየዋ ትክክል ሳትሆን አልቀረችም።

ራምቦ ፎቶግራፍን ከማንም አልተማረም። በማርች 1883 ካሜራውን ይዞ ከኤደን ወደ ሐረር ሲመለስ ጀማሪ ነበር። የዚያን ዘመን ፎቶ አንሺ ከነጌቲቩ እስከ ወረቀቱ ያለውን ሥራ ሁሉ በገዛ እጁ ይሠራል። ነጌቲቩ መስታወት ነው፤ መንገድ ላይ ይሰበራል። ካሜራው በሦስት እግር ላይ ይቆማል፤ የሚነሳው ሰው ሳይነቃነቅ መጠበቅ አለበት። ምስሉ በጨለማ ክፍል በኬሚካል ይወጣል፣ በሌላ ኬሚካል ይጸናል፣ ከዚያ በፀሐይ ብርሃን ወረቀት ላይ ይታተማል። አማርኛ ፎቶ ማጠብ የሚለው በከንቱ አይደለም። ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካል በብዙና በንጹሕ ውሃ ተጠቦ ካልወጣ ወረቀቱ ላይ ይቀርና ምስሉን ቀስ በቀስ ይበላዋል። የራምቦ ችግርም ይኸው ውሃ ነበር።

ከሐረር የተነሱት ፎቶዎች

በሜይ 6 ቀን 1883 ራሱ ራሱን ያነሳቸውን ሦስት ፎቶዎች ለቤተሰቡ ላከ። በአንዱ በቤት ሰገነት ላይ ቆሟል፤ በሌላው ቡና ተክል መካከል ነው፤ በሦስተኛው በሙዝ ተክል ውስጥ እጆቹን አጣምሮ ይታያል። ነጭ የጥጥ ልብስ ለብሷል። ማጠቢያው ውሃ መጥፎ በመሆኑ ምስሎቹ ወዲያው እየነጡ እንደሄዱ በደብዳቤው አስረድቷል፤ ወደፊት የተሻለ ሥራ እንደሚልክም ቃል ገብቷል። በእነዚህ ሥዕሎች ላይ የቅጠሉ ቅርጽ ከፊቱ ይልቅ ይለያል። ካርዣ ያነሳውን ልጅ እዚህ ውስጥ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው የደበዘዘ፣ ከሲታ ሰውዬ ነው።

በዚያው ዓመት ለአሠሪው ለባርዴ የላካቸው ፎቶዎች የበለጠ ቁም ነገር አላቸው። ከነዚህ ውስጥ የሐረር ገበያ፣ የሼህ አባድር መስጊድ ጉልላት፣ ዕቃዎቹ በዙሪያው ተደርድረው መሬት ላይ የተቀመጠ የቡና ከረጢት ሰፊ፣ እንዲሁም ግሪካዊው ባልደረባው ኮንስታንቲን ሶቲሮ ይገኙባቸዋል። ከረጢት ሰፊው ያለበት ፎቶ ከሁሉም ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ካሜራው እንደ መታወቂያ ፎቶ ፊቱን ብቻ ሳይሆን ሥራውንና ዕቃውን አሳይቷልና።

የሚቀሩት ሁሉ ነጠላ ፎቶዎች ናቸው። በዘመኑ አንድን ከተማ ከዳር እስከ ዳር ለማሳየት የሚፈልጉ ፎቶ አንሺዎች ካሜራውን ባለበት ቦታ እያዞሩ ብዙ ነጌቲቭ ያነሱና ህትመቶቹን ጎን ለጎን ይለጥፏቸው ነበር። ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል የሚዞረው የጀጎል ግንብ ለእንዲህ ያለ ሥራ የተመቸ ነው። ነገር ግን አንድ ፎቶ አጥቦ ማጽናት ለቸገረው ሰው አምስትና ስድስት እኩል የጠቆሩ ህትመቶችን ማጋጠም የማይታሰብ ነው።

መጽሐፉም አልተጻፈም። ከዕቅዱ የተሳካው አንድ ክፍል ብቻ ነበር። ሶቲሮ ወደ ኦጋዴን ዘልቆ ካመጣው ወሬ ራምቦ ያዘጋጀው ዘገባ በፌብሩዋሪ 1884 በጂኦግራፊ ማኅበሩ መጽሔት ታተመ። ማኅበሩም በሥራው ተደስቶ የተጓዦችን ምስል ለሚያሰባስብበት አልበም ፎቶውንና አጭር የሕይወት ታሪኩን እንዲልክ ጠየቀው። ካሜራ በእጁ ያለው ራምቦ መልስ አልሰጠም።

የማህዲ ጦርነት ሱዳንን ሲያናውጥ ግብፅ ሐረርን ለመልቀቅ ወሰነች፤ የባርዴም ድርጅት ከሰረ። ራምቦ በማርች 1884 ከሐረር ወጣ። በኤፕሪል 1885 ካሜራውን እንደሸጠው፣ ሽያጩም እንዳልከሰረበት ለቤተሰቡ ጻፈ። በጠቅላላው ሁለት ዓመት ያህል ነበር የያዘው።

ጠመንጃ ወደ ሸዋ

በ1885 መጨረሻ የጠመንጃ ንግድ ውስጥ ገባ። ላባቱ ከተባለ ፈረንሳዊ ነጋዴ ጋር ሆኖ 2,000 ያህል አሮጌ ጠመንጃ ለሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ሊያደርስ ተዋዋለ። ፈቃድና ግመል ሲጠብቅ ታጁራ ላይ አንድ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው። ላባቱ ታሞ ወደ ፈረንሳይ ሄደና ሞተ፤ ሊተባበረው የነበረው አሳሽ ፖል ሶሌዬም በሴፕቴምበር 1886 ኤደን ላይ ሞተ። ራምቦ ብቻውን ቅፍለቱን እየመራ የአፋርን በረሃ አቋርጦ በፌብሩዋሪ 1887 አንኮበር ደረሰ።

ምኒልክ ግን አንኮበር አልነበሩም። በጨለንቆ ድል አድርገው (1879 ዓ.ም.) ሐረርን ይዘው በእንጦጦ በኩል ይመለሱ ነበር። ራምቦም ወደ እንጦጦ ወጥቶ ንጉሡ ከሐረር በተወሰዱ የግብፅ መለከቶች ታጅበው፣ በሰዎች የሚሸከሙ ሁለት የክሩፕ መድፎች ተከትለዋቸው ሲገቡ አየ። ይህን በኋላ በካይሮ በሚታተም የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ላይ ጽፎታል። ካሜራው ግን ከተሸጠ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ገበያው አላማረለትም። ንጉሡ ጠመንጃውን በቅናሽ ገዙት፤ የሟቹ የላባቱ አበዳሪዎችም ከያሉበት ተነሥተው ከራምቦ ላይ ጠየቁ። ቀሪው ገንዘብ ሐረር ላይ ከደጃዝማች መኮንን (በኋላ ራስ) እንዲቀበል ተደረገ። ከእንጦጦ ወደ ሐረር ሲሄድ የተጓዘው ከፈረንሳዊው አሳሽ ከዡል ቦሬሊ ጋር ነው። ቦሬሊ ፎቶ ያነሳ ነበር። ራምቦ ስለዚያ መንገድ የተወው አጭር የጽሑፍ ዘገባ ብቻ ሲሆን እሱንም የጂኦግራፊ ማኅበሩ አትሞታል።

የመጨረሻ ዓመታት

ከ1888 እስከ 1891 በሐረር የራሱን ንግድ ቤት ከፍቶ በኤደን ላለው ነጋዴ ለሴዛር ቲያን ወኪል ሆኖ ሠራ። የምኒልክ አማካሪ ከነበረው ከስዊሱ መሐንዲስ ከአልፍሬድ ኢልግ ጋር ብዙ ደብዳቤ ተጻጽፏል። ኢልግም ፎቶ ማንሳት ይወድ ነበር፤ የእሱ ስብስብ ዛሬ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይገኛል። ራምቦ በባሪያ ንግድ ተሰማርቶ ነበር የሚለው አባባል ማስረጃ አልተገኘለትም። ይሁን እንጂ ለራሱ አገልግሎት ሁለት ባሮች እንዲፈልግለት ኢልግን ጠይቆ እንደነበርና ኢልግም እንዳልተቀበለው በደብዳቤዎቻቸው ይታያል።

በፌብሩዋሪ 1891 ቀኝ ጉልበቱን ያመው ጀመር። እግሩ ሲጠናበት ራሱ ባሠራው ቃሬዛ ላይ ሆኖ በኤፕሪል 7 ቀን ከሐረር ወጣ። 16 ተሸካሚዎች እየተፈራረቁ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተሸክመውት ዘይላ አደረሱት። ማርሴይ በሚገኝ ሆስፒታል በሜይ እግሩ ተቆረጠ፤ በሽታው ግን አልቆመም። በኖቬምበር 10 ቀን 1891 እህቱ ኢዛቤል ስታስታምመው ቆይታ በ37 ዓመቱ ሞተ። ሐረር ለቀረው አሽከሩ ለጃሚ 3,000 ፍራንክ ተናዞለት ነበር። ጃሚ ግን ሳይቀበለው ሞቶ ነበርና ገንዘቡ ለወራሾቹ ተላለፈ።

ከሞተ በኋላ

ለቤተሰቡ የላካቸው ፎቶዎች ከደብዳቤዎቹ ጋር ተጠብቀው ቆዩ። ዛሬ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና በሻርልቪል በስሙ በተሰየመው ሙዚየም ይገኛሉ። ውሃው የጀመረው መንጣት ስላለባቸው ለሕዝብ የሚታዩት ብዙ ጊዜ ቅጂዎቻቸው ናቸው። በ2010 አንድ ኤደን ሆቴል ደጃፍ የተነሳ የቡድን ፎቶ ይፋ ሆኖ ከተቀመጡት አንዱ ራምቦ ነው ተባለ፤ ሊቃውንቱ ግን አልተስማሙበትም። የሚያመሳክሩበት የአዋቂነት ፊቱ እነዚያው የደበዘዙ ሦስት ፎቶዎች ላይ ያለው ብቻ በመሆኑ ክርክሩ አስቸጋሪ ነው።

በሐረር ጀጎል ውስጥ ራምቦ ቤት እየተባለ የሚጠራው ባለፎቅ የእንጨት ቤት እሱ ከሞተ በኋላ በአንድ የህንድ ነጋዴ የተሠራ ነው፤ ራምቦ አልኖረበትም። ቤቱ ታድሶ ሙዚየም ሆኗል። ውስጡም የድሮ ሐረር ፎቶግራፎች ይታዩበታል።