ከጥይት ማግሥት የተወለደው የቦብ ማርሌ አልበም

ቦብ ማርሌ እ.ኤ.አ በ1945 በጃማይካ ገጠር፣ ናይን ማይል በተባለች የአርሶ አደሮች መንደር ተወለደ። በልጅነቱ ወደ ኪንግስተን ከተማ ገብቶ ትሬንች ታውን በተባለ የድሆች ሰፈር አደገ፤ ሙዚቃ እንጀራው ከመሆኑ በፊት የብየዳ ሙያ ተምሯል።

የጃማይካ ፖለቲካ ደም ባቃባበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ በዲሴምበር 1976፣ ታጣቂዎች መኖሪያ ቤቱ ገብተው ተኮሱበት። ደረቱና ክንዱ ቆሰለ፤ ባለቤቱ ሪታም ተመታች። በሁለተኛው ቀን ግን ከነቁስሉ መድረክ ላይ ወጥቶ ዘፈነ። ከዚያም አገሩን ለቀቀ።

በስደት ለንደን ተቀምጦ የሠራው «ኤክሶደስ» እ.ኤ.አ በጁን 1977 ለአድማጭ ቀረበ። ስያሜው ኦሪት ዘጸአትን ያስታውሳል። ከ10ሩ ዘፈኖች የመጀመሪያዎቹ 5ቱ ግፍን፣ እምነትንና ከባርነት መውጣትን ያነሣሉ፤ የቀሩት ደግሞ በአመዛኙ የፍቅርና የማጽናኛ ናቸው። በጥይት የቆሰለ ሰው ምሬቱን ሳይደብቅ ፍቅርን ማዜሙ ሳይሆን አይቀርም የአልበሙን ዕድሜ ያረዘመው። ታይም መጽሔት እ.ኤ.አ በ1999 የክፍለ ዘመኑ ምርጥ አልበም ብሎ ሰይሞታል።

አልበሙ በወጣበት ዓመት በእግሩ ጣት ላይ ካንሰር ተገኘ፤ ጣቱ እንዲቆረጥ ግን አልፈቀደም። በማግሥቱ ዓመት ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ሻሸመኔን ጎበኘ። በ1980 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሲጠመቅ ብርሃነ ሥላሴ ተባለ፤ በሜይ 1981 በ36 ዓመቱ ዐረፈ። ሥርዓተ ቀብሩም በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተፈጸመ። 60ኛ የልደት ዓመቱ እ.ኤ.አ በ2005 በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ በታላቅ የሙዚቃ ድግስ ታስቧል።