ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ

በአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ሳሪስ አቦ የሚባል ሰፈር አለ። በዚያ የሚያድግ ልጅ ዕቃ የተጫኑ ከባድ መኪናዎች ወደ ከተማው ሲገቡና ሲወጡ ያያል። ከዚያ ቁልቁል በቃሊቲ የጉምሩክ ቤት አለ። ከውጭ የመጣው ዕቃ ምን እንደ ሆነ፥ ስንት እንደ ሆነ፥ ዋጋውም ምን ያህል እንደ ሆነ በመዝገብ ይጻፋል። ይህ ሁሉ መጻፍ ቀረጥ ከመቀበል በቀር ለሌላ ነገር የሚጠቅም አይመስል ይሆናል። ነገር ግን ከመቶ ዓመት በፊት አንድ ኢትዮጵያዊ ከእንዲህ ያለው ነገር ያገሩን ድኽነት ምክንያት ሊያገኝ ተነሣ፤ ስሙም ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው።

ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. በትግራይ፥ በዓድዋ አገር ተወለደ። አባቱ ባይከዳኝ የአጤ ዮሐንስ ወታደር ነበረ፤ በ1881 ዓ.ም. ንጉሡ በመተማ ጦርነት ሲወድቁ እርሱም በዚያው ጦርነት ሞተ። ወዲያውም ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ መጣ። የቀንድ ከብቱ በበሽታ አለቀ፥ ገበሬውም የሚያርስበት በሬ አጣ። በዚያ ዘመን ስንት ነፍስ እንደ ጠፋ የቈጠረ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ዛሬም ግምት እንጂ ቍጥር የለም።

ልጁ ሰባት ዓመት ያህል ሲሆነው ከባልንጀሮቹ ጋራ ወደ ምጽዋ ወረደ፤ በዚያ አጠገብ በምንኩሉ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ጥቂት ተማረ። አንድ ቀን መርከብ ለማየት ብሎ ወደ አንድ የጀርመን መርከብ ገባ፤ ከዚያም ተደብቆ ቀረ። በሰው መርከብ ያለ ፈቃድ መደበቅ የሚመሰገን ሥራ አይደለም። የመርከቡ አዛዥ ግን ልቡ የራራ ሰው ነበረና አልጣለውም፤ ለአንድ ባለጸጋ የኦስትርያ ቤተ ሰብ ሰጠው፥ እነርሱም አሳደጉት። ጀርመንኛ ተማረ፥ ኋላም በበርሊን የሕክምና ትምህርት ተከተለ። ሐኪም የሕመምተኛውን ትኩሳት ሳይለካ መድኃኒት አይሰጥም፤ ይህ ልማድ በኋላ በጻፈው ሁሉ የተከተለው ይመስላል።

ወደ አገሩ ተመልሶ በአጤ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አስተርጓሚ ሆነ። ንጉሡ በታመሙ ጊዜ በተነሣው ክርክር ምክንያት ግን ወደ ሱዳን ተሰደደ። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1912 አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተባለው ጽሑፉ በአሥመራ ታተመ። በዚህ ጽሑፍ ንጉሡን ብቻ አላመሰገነም፤ የአስተዳደሩንም ጕድለት ገልጦ ጻፈ። የመንግሥት ገንዘብ ከንጉሡ ገንዘብ እንዲለይ፥ ግብሩም አስቀድሞ የታወቀና የተወሰነ እንዲሆን መከረ። ግብር እንዲወሰን ግን የገበሬው ሀብት አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ሀብቱ ካልታወቀ ሹሙ እንደ ወደደ ይወስዳል።

ከስደት ከተመለሰ በኋላ በአዲስ አበባና በጅቡቲ ባቡር መንገድ ንግድ ላይ ተቈጣጣሪ ሆነ፤ ቀጥሎም የድሬ ዳዋ ነጋድራስ ተባለ። ነጋድራስ ማለት የነጋዴዎች አለቃ ነው፤ ቀረጥ የሚቀበል፥ የነጋዴንም ክርክር የሚዳኝ እርሱ ነበረ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ቡና፥ ቆዳና ሰም ወደ ውጭ ይወጣ ነበር፤ ጨርቅና ሌላ የተሠራ ዕቃ ይገባ ነበር። ብዙ ሰዎች ንግዱ ሲበዛ አይተው አገሩ በለጸገ ብለው ደስ አላቸው። ገብረ ሕይወት ግን የወጣውና የገባው ዕቃ ስንት የሥራ ቀን እንደ ፈጀ መመርመር ይገባል አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ገበሬ በሃያ ቀን ድካም ያገኘውን ቡና ሸጦ፥ ባሕር ማዶ ያለ ሠራተኛ በፋብሪካ በሁለት ቀን የሠራውን ጨርቅ ቢገዛ፥ በገበያ ዋጋው እኩል ነው፤ በድካም ግን አሥራ ስምንት ቀን ጐደለበት። ቍጥሩ ለምሳሌ ያህል የተቀመጠ ነው። የአገሬው ሸማኔም ፈላጊ አጥቶ ሥራውን ይተዋል። ስለዚህ ገብረ ሕይወት ዕውቀት የሌለው ሕዝብ በባቡሩ ብቻ አይበለጽግም፤ ትምህርትና የእጅ ሥራ ይስፋፋ፥ የአገሩም ሥራ በቀረጥ ይጠበቅ ብሎ ጻፈ። ቀረጥ በመሰብሰብ የሚኖር ሹም የንግዱን ጕዳት መናገሩ ቀላል ነገር አይደለም።

በዘመኑ ግን ሊመረምር የሚሻውን ሁሉ የሚያገኝበት መዝገብ አልነበረም። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1953 ዓ.ም. ነው፤ በመላው አገር የመጀመሪያው የሕዝብ ቈጠራ የተደረገው በ1976 ዓ.ም. ነው፤ ሁለተኛው በ1987፥ ሦስተኛው በ1999 ዓ.ም. ተደረገ። በሦስተኛው ጊዜ የተቈጠረው ሕዝብ ከ73 ሚሊዮን በላይ ሆነ።

ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. በ33 ዓመቱ ሞተ። መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተባለው ትልቁ መጽሐፉ ገና አልታተመም ነበርና ጽሑፉ አምስት ዓመት ቈየ። በ1916 ዓ.ም. ጳውሎስ መናመኖ በአዲስ አበባ አሳተመው።