አባ ታጠቅና ሰባት ቶኑ መድፍ

በፈረንሳይ ሌ ማን የምትባል ከተማ አለች። በየዓመቱ እዚያ የሚካሄደው የመኪና ውድድር ከሌላው ይለያል። ሾፌሮቹ ይቀያየራሉ፣ መኪናዋ ግን 24 ሰዓት ትነዳለች። በዚያ ጊዜ ውስጥ ብዙ ርቀት የሄደች ታሸንፋለች። ስለዚህ ፍጥነት ብቻውን አይበቃም፤ ሳይበላሹ መጨረስም አለ። ፎርድ ጂቲ 40 የተባለችው መኪና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 እና በ1965 ተወዳድራ አንድም ጊዜ ሳትጨርስ ቀረች። መሐንዲሶቹ ፈቱ፣ ገጠሙ፣ ሞተሩን አሳደጉ፣ ፍሬኑን አሻሻሉ። በ1966 ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ያለውን ቦታ ጠራርጋ ወሰደች። ፊልም ሁሉ ተሠርቶላታል፤ ብዙዎቻችሁ በስልካችሁ አይታችሁታል።

እኔ የሐሙሲት ልጅ ነኝ። ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር ጭንቅላቴ ውስጥ የሚመጣው ግን ፎርድም ፌራሪም አይደለም። ከሐሙሲት ወደ ወረታ ሄዳችሁ፣ ወረታ ላይ ወደ ቀኝ ስትታጠፉ የምታገኙት ደብረ ታቦር ነው። ከደብረ ታቦር ትንሽ ወጣ ብሎ ደግሞ ጋፋት አለ። እዚያ ሞተር የሌለው፣ ሰው የሚጎትተው፣ ወደ ሰባት ቶን የሚመዝን ነገር ተሠርቶ ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ገደል ለገደል ስድስት ወር ገደማ ተጎትቶ መቅደላ ደረሰ። ከኋላው ሳይሆን ከሌላ አቅጣጫ የእንግሊዝ ጦር ወደዚያው ተራራ እየመጣ ነበር። ውድድር ማለት ይሄ ነው። ሾፌሩ ደግሞ አፄ ቴዎድሮስ ናቸው።

የቴዎድሮስን ታሪክ ሁላችንም ከትምህርት ቤት እናውቀዋለን። ብዙ ጊዜ የሚነገረን ግን በሽጉጡ መጨረሻ በኩል ነው። እኔ ዛሬ በመድፉ በኩል ልንገራችሁ።

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱ ቶሎ ሞቱ። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ችግር ላይ ወድቀው ጎንደር ውስጥ ኮሶ ሸጡ ይባላል፤ በኋላ ጠላቶቹ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ለስድብ የተጠቀሙበት ይሄንኑ ነው። ልጁ ገዳም ገብቶ ተማረ፣ ከዚያ ሸፈተ። ቆላውን ተቆጣጠረ። ኃይሉን ያዩት የጎንደር ገዢዎች ሊያስሩት ስላልቻሉ ዳሩት፤ የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን አገባ።

ሕይወቱን የቀየረው ነገር የመጣው በ1840 ዓ.ም. ነው። ካሳ ጦሩን ይዞ ወደ ሱዳን ድንበር ወረደና ደባርቂ በተባለ ቦታ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠመ። ወንድነት አልጎደለውም፤ ፈረስም ሰውም ነበረው። ግብፆቹ ግን ምሽግ ውስጥ ሆነው በመድፍ ጠበቁት። ጦሩ ረገፈ። እስከዚያ ቀን ድረስ ጦርነት ማለት ጀግንነትና ብዛት ነው ብሎ የሚያምን ሰው ካለ፣ ደባርቂ ላይ ያ እምነት ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ካሳ ጦሩን በሥርዓት ማሠልጠን ጀመረ፤ መድፍ ደግሞ ከልቡ አልወጣም።

ከዚህ በኋላ ያለው ሩጫ ፈጣን ነው። በ1845 ዓ.ም. ጉራምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት አይሻል ላይ አማቱን ራስ አሊን አሸነፈ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል አደረገና እዚያው ደረስጌ ማርያም ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ከአሥርት ዓመታት የመሳፍንት ሽኩቻ በኋላ አገሪቱን አንድ የማድረግ ሥራ የተጀመረው በዚህ ሰው ነው።

ንጉሡ ሆነው መጀመሪያ ካሰቧቸው ነገሮች አንዱ ሙያ ነው። ጠመንጃ መግዛት ይቻላል፤ ግን ባሕሩን የያዘው ሌላ ነው፣ ሲፈልግ ይዘጋዋል። ስለዚህ የሚሠራ እጅ ፈለጉ። በኢየሩሳሌም የነበሩት ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት የላኳቸው፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ ቅድስት ክሪሾና በተባለ ተቋም የተማሩ ወጣት ሚስዮናውያን መጡ። ዋልድማየር፣ ሳልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንዝለን ይባላሉ። ሰዎቹ ወንጌል ሊሰብኩ ነበር የመጡት፣ የእጅ ሙያም ነበራቸው። ንጉሡ ከወንጌሉ ይልቅ መዶሻቸውን ወደዱት። ጋፋት ላይ አሰፈሯቸው። ሞሪትዝ ሆል የሚባል የፖላንድ ሰው፣ ቡርጎ የሚባል ፈረንሳዊ የጠመንጃ ባለሙያም ተቀላቀሉ። የአገሬው ልጆችም ከነሱ ሥር ሆነው ሥራ እንዲለምዱ ተመደቡ።

በመጀመሪያ ጠመንጃ ጠገኑ፣ ጋሪ ሠሩ፣ መንገድ ቀየሱ። ከዚያ ዋናው ትእዛዝ መጣ፦ መድፍ ቅለጡ። ሰዎቹ አንችልም አሉ፤ በእርግጥም ሠርተው አያውቁም ነበር። ንጉሡ ግን አልለቀቁም። ተጫኑ፣ አስፈራሩ፣ ደግሞ ሸለሙ።

እስቲ ሥራውን አስቡት። ነሐስ ለመቅለጥ ወደ አንድ ሺህ ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋል። ያን ሙቀት የሚችል ምድጃ ከአካባቢው አፈር መሥራት አለባችሁ። ወናፉ ሳይቋረጥ መነፋት አለበት። ቅርጹ ውስጥ ርጥበት ከቀረ የፈሰሰው ብረት ይፈነዳል፣ አየር ከገባበት ደግሞ መድፉ ውስጡ ቀዳዳ ይሆናል። ማኑዋል የለም፣ ዩቲዩብ የለም። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ። ምድጃው ፈርሶ እንደገና ተሠራ። እንደገና ተሞከረ። በመጨረሻ የፈሰሰው ነሐስ ቅርጹን ይዞ ወጣ። ከዚያ በኋላ መጠኑ እያደገ ሄደ፤ ትንሽ ከተሳካ ትልቅ፣ ትልቅ ከተሳካ ከዚያ የሚበልጥ። የፎርድ መሐንዲሶች ያደረጉትም ይሄንኑ ነው፤ ልዩነቱ እነሱ ከበስተጀርባቸው ፋብሪካ ነበራቸው፣ ጋፋት ግን ራሱ ፋብሪካው ነው።

የመጨረሻውና ትልቁ ሴባስቶፖል ተባለ። ስሙ የመጣው በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በቱርክ ጦር ከተከበበችው የሩስያ ከተማ ነው። ንጉሡ የዓለምን ዜና ምን ያህል ይከታተሉ እንደነበር ከዚህ ስም ብቻ መገመት ይቻላል።

አሁን ደስ የማይለውን ልንገራችሁ። ሴባስቶፖል በተሠራበት ጊዜ አገሪቱ ከንጉሡ እጅ እየወጣች ነበር። ትግራይ፣ ሸዋ፣ ላስታ፣ ጎጃም ሸፍተዋል። በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ አጣ፤ በንዴት ቆንስሉን ካሜሮንን አሰሩ፣ ቀጥለው ሌሎች አውሮፓውያንን። ኋላ ፍላድን ወደ ለንደን ልከው ባለሙያ አስመጡልኝ አሉ። እንግሊዞች ባለሙያዎችን እስከ ምፅዋ ድረስ ላኩ፤ እስረኞቹ ስላልተፈቱ ግን ከዚያው መለሷቸው። አስቡት፣ የሕልማቸው ሰዎች ባሕሩ ዳር ደርሰው ተመለሱ።

በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። በበጌምድርም ገበሬው ከብቱንና እህሉን ለንጉሡ ወታደር አጣ፤ ብዙ ሰው ተገደለ። የኛ ሰፈር ሽማግሌዎች ቴዎድሮስን ሲያነሡ ድምፃቸው አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ የሚለው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። በኩራቱ ውስጥ የራሳቸው ቅድመ አያቶች ረሃብ አለበት። ጋፋትን ስናወድስ የወታደሩንና የሠራተኛውን ቀለብ ማን እንደከፈለው መርሳት ልክ አይደለም።

በመስከረም 1860 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ለቀቁ። ግምጃ ቤታቸውም እስረኞቹም መቅደላ ናቸው፤ ስለዚህ ወደዚያ መሄድ አለባቸው። ያለ መድፎቻቸው ግን አይሄዱም። በዚያው ሰሞን የእንግሊዝ ጦር ቀዳሚ ክፍል ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ወረደ። ውድድሩ ተጀመረ።

ሁለቱን ተወዳዳሪዎች አነጻጽሯቸው። ጄኔራል ናፒየር ወደ 13 ሺህ ወታደር፣ ከዚያ የሚበዛ ተከታይ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የጭነት ከብት ነበረው። ከህንድ 44 ዝሆን በመርከብ አምጥቶ ከባድ መድፎቹን በዝሆን ጀርባ ጫነ። ዙላ ላይ የባቡር ሐዲድ ዘረጋ። ወታደሩ ከኋላ የሚጎርሰውን ስናይደር ጠመንጃ ይዟል። ከፊቱ ያለው ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

የቴዎድሮስ መንገድ ከዚያ በጣም ያጥራል። ግን መንገዱ የለም! እየሠሩ ነው የሚሄዱት። ወታደሩ በጠፍር ታስሮ የተዘጋጀውን ጋሪ በመቶዎች ሆኖ ይጎትታል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ እንዳያመልጥ ወደ ኋላ ይይዘዋል። ድንጋዩን በባሩድ ይሰብራሉ፣ ጎድጓዳውን ይሞላሉ። ሽፍታው በግራም በቀኝም ስላለ ከሰልፉ የራቀ ሰው አይመለስም። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ይሸከሙ ነበር። እሳቸው ጎንበስ ሲሉ መኳንንቱ ቆሞ ማየት ስለማይችል ሁሉም ይሸከማል። አውሮፓውያኑ ሠራተኞችም ከጋሪዎቹ ጋር ነበሩ።

ዛሬ ከደብረ ታቦር ተነሥታችሁ በነፋስ መውጫ፣ በጨጨሆ፣ በጋሸና አድርጋችሁ ወልድያ የሄዳችሁ ልጆች አገሩን ታውቁታላችሁ። ጨጨሆ ላይ በአስፋልት እንኳ ሾፌሩ ወሬውን ያቆማል። እነዚያ ሰዎች ጋይንትን አቋርጠው፣ ቤተ ሖር ደርሰው፣ ወደ ጅጣ ገደል መድፉን አወረዱት፤ ከዚያ ወደ ደላንታ አወጡት፤ እንደገና ወደ በሽሎ አወረዱት፤ እንደገና ወደ መቅደላ አወጡት። የናፒየር ጦር በኋላ ጅጣ ሲደርስ ያገኘውን የቴዎድሮስን መንገድ አይቶ ተደነቀ፤ ከመደነቅም አልፎ ሄደበት። ንጉሡ ለመድፋቸው የጠረጉት መንገድ ለጠላታቸውም ዝሆኖች ሆነ።

በመጋቢት ሴባስቶፖል ከመቅደላ ሥር ሰላምጌ ላይ ወጣ። ከናፒየር በፊት። ውድድሩን ቴዎድሮስ አሸነፉ።

ከዚያስ? ናፒየር በሽሎን የተሻገረው በስቅለት ዕለት ሚያዝያ 3 ቀን ነው። የንጉሡ ጦር ከአምባው ወርዶ እሮጌ ላይ ገጠመ። ከትልልቆቹ መድፎች አንዱ ገና ሲተኮስ ፈነዳ። የቀሩት ከላይ ሆነው የተኮሱት ብዙም የመታው ነገር የለም። ፊታውራሪ ገብርዬ ወደቀ፤ ወደ ሰባት መቶ የሚጠጋ ሰው አለቀ። ከእንግሊዞች የቆሰሉት ሃያ አካባቢ ናቸው። ከዚያ ቀደም ብሎ በነበረው ቀን ደግሞ ንጉሡ በቁጣ ብዙ ኢትዮጵያውያን እስረኞችን አስገድለው ነበር፤ ይሄም የታሪኩ አካል ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትሰበር ቴዎድሮስ እጅ አልሰጡም። ቀድሞ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በመጣላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። ልጃቸው ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ18 ዓመቱ እዚያው ሞተ። ቅርሱ ተጭኖ ሄደ። ሴባስቶፖልን ግን ማን ይጫነው? እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ ነው፤ አምሳያው አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይሄን ታሪክ ስነግራቸው ታዲያ ምን ጠቀመ ይሉኛል። ጥያቄው ልክ ነው። እኔ የሚታየኝ እንዲህ ነው። መድፉ መጥፎ ስለነበረ አይደለም የተሸነፉት። ፎርድ ሁለት ዓመት ሙሉ ወድቃ ሦስተኛውን ያገኘችው ከውድቀቷ የምትማርበት ጊዜና ገንዘብ፣ በሰላም የሚሠሩ ሰዎችም ስለነበሯት ነው። ጋፋት እሳቱን አግኝቷል፣ እጁንም አግኝቷል። ያጣው ሁለተኛ ዕድል ነው። ተኩሶ፣ ስህተቱን አይቶ፣ ተመልሶ የሚያስተካክልበት አንድ ዓመት እንኳ አልነበረውም። ያም ዓመት የጠፋው በእንግሊዝ ብቻ አይደለም፤ መድፉን የሚጎትተው ሕዝብ ከንጉሡ ልብ ለልብ ስለተለያየም ነው። ንጉሡ ደብረ ታቦርን ሲለቁ ምድጃዎቹ ኋላ ቀሩ፤ ሙያውን የለመዱት ልጆችም ተበተኑ። ለኔ ከሴባስቶፖል መማረክ ይልቅ ይሄ ይቆጨኛል።

ደብረ ታቦር ለጥምቀትም ለቡሄም የምትሄዱ ልጆች ካላችሁ ግማሽ ቀን ጨምሩና ጋፋት ድረስ ውጡ። ፎቶ ለመለጠፍ ከሆነ መድፍ የለም፣ ብዙ የሚታይ ነገር የለም። ግን የቆማችሁበት መሬት ላይ ሰዎች እሳት አንድደው፣ ከሽፎባቸው፣ እንደገና አንድደዋል። ዛሬ ደብረ ታቦር ውስጥ ጋራዥ ያላችሁ፣ ብየዳ የምትሠሩ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ኢንጂነሪንግ የምትማሩ ልጆች ደግሞ ምድጃው ከናንተ ሰፈር ብዙም እንደማይርቅ እወቁት።